እማማ ልብሳቸውን ከሻንጣ አውጥተዋል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው። ማን ከማን ጋር ይኑር? ስለ አዋቂ ልጆች፣ ስለ እናትና አባት፣ ከአረብ አገር ስለተመለሱ እህቶች። አራቱን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣሁም።

«እትዬ፣ 43 ዓመቴ ነው። የሦስት ልጆች አባት ነኝ። የምንኖረው ሰሚት፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ 22 ዓመት ኖራለች። ሰፈሩ በ2017 ሲፈርስ ወደ እኔ መጣች። ከሴት ልጆቼ ጋር ነው የምትተኛው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን ማዕድ ቤት ውስጥ ሁለቱ አልተስማሙም። አሁን መነጋገሩንም ትተውታል። ደረጃው ጉልበቷን ስለሚያመው እናቴ ከቤት አትወጣም። እዚያው እኛ ብሎክ፣ ግራውንድ ላይ የሚከራይ ስቱዲዮ አግኝቻለሁ። ግን ሰው ምን ይለኛል? እናቱን አስወጣት አይሉም? ዱባይ ላለችው እህቴ ስነግራት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ታናሽ ወንድሜ ‹አንተ ቤት አለህ› ብሎ ዝም ብሏል።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚስትህ ነገር አለ፣ የእህትህ አለ፣ የወንድምህ አለ፣ ሰፈሩ የሚለውም አለ። እማማ ያሉት ነገር ግን አንድም ቦታ የለም። ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?

የራሴን ልንገርህ። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴን ከደብረ ብርሃን አመጣኋት። አዲስ ፍራሽ ገዛሁ፣ አዲስ ብርድ ልብስ ገዛሁ፣ ልጆቹን አንድ ክፍል ውስጥ አጨናንቄ ለእሷ ክፍል ለቀቅኩ። ሰው ሲጠይቀኝ «ደስ ብሏት ነው ያለችው» እል ነበር። ሦስት ወር ገደማ ሲሆን ነጠላዋን ላጥብላት ብዬ ሻንጣዋን ከፈትኩ። ልብሷ ሁሉ እንደመጣ ታጥፎ እዚያው አለ። ሳሙናዋ በፌስታል ተቋጥሯል። ከቤቷ ይዛው የመጣችው አንድ ስኒ እንኳን በጨርቅ ተጠቅልሎ ከልብሱ መሀል ተቀምጧል። ቁምሳጥኑ ክፍሏ ውስጥ ነበር፣ ግን የልጆቼ ልብስ ሞልቶበት ነበር፤ «ይሄኛው መደርደሪያ ያንቺ ነው» ያላት ሰው አልነበረም፣ እሷም በይሉኝታ አልጠየቀችም። ሦስት ወር ሙሉ ነገ እንደሚሄድ እንግዳ ሆና ነው የኖረችው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በዚያው ቀን የቁምሳጥኑን ግማሽ ባዶ አደረግኩላት። ወዲያው ግን አላወጣችም። አንድ ቀን ቀሚስ፣ ሌላ ቀን ሹራብ እያለች ሳምንት ፈጀባት። ስኒውን መጨረሻ ላይ ነው ያወጣችው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ይህን እይ። እማማ ልብሳቸውን ከሻንጣ አውጥተዋል?

ስለ ስቱዲዮው የኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ ተከራየው እላለሁ። 22 ዓመት የራሳቸውን በር ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩ ሴት ናቸው። ምስሩን እንዴት እንደሚያቁላሉ፣ በርበሬው ምን ያህል እንደሚገባ፣ ቡናው ስንት ሰዓት እንደሚፈላ ራሳቸው ሲወስኑ ነበር። የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። እዚያ ውስጥ ሁለት ባለሙያ ሴቶች ሲገቡ መጋጨታቸው የጸባይ ጉዳይ አይደለም። ግራውንድ ቢሆኑ ደረጃው ይቀርላቸዋል። በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ የሚወጣ የሚገባውን ሰላም ይላሉ፣ ጎረቤት ቡና ይጠራቸዋል። ልጆችህ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ገብተው ነው ወደ ላይ የሚወጡት። ይሄ ማስወጣት አይደለም።

ግን አደራ፣ ወስነህ አትንገራቸው። ቀብድ ሳትከፍል በፊት ክንዳቸውን ይዘህ ቤቱን አሳያቸው። ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ፣ አልጋው በየት በኩል እንደሚሆን እሳቸው ይናገሩ። «እኔ ብቻዬን አልተኛም» ካሉ ከሴት ልጆችህ አንዷ ማታ ማታ ትውረድ፣ አንተም ትርፍ ቁልፍ ያዝ። ጭራሽ አልፈልግም ካሉ ደግሞ አለቀ፣ አይሆንም ማለት ነው። ያኔ ሥራው ማዕድ ቤቱን ማካፈል ነው። ቡናውና የጾም ወጡ የእማማ፣ ሌላው የባለቤትህ ይሁን፣ አንዷ በሌላዋ ድስት ላይ ጨው አትጨምር። ይህን የምትናገረው አንተ ነህ፣ ሁለቱም ባሉበት። እስካሁን መሀል ላይ ቆመህ ዝም ማለትህ ነው ነገሩን ያከረረው፤ ሚስትህ «እናቱን ይዞብኝ» ትላለች፣ እናትህ «ሚስቱን ይዞብኝ» ይላሉ፣ አንተ ደግሞ ማንንም አልያዝክም።

የምትከራይ ከሆነ ውሉን በጽሑፍ አድርግ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ያዛል። አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። በየመንፈቁ ዋጋ እየጨመረ እናትህን እንደገና ሻንጣ ሊያስይዛቸው አይገባም።

ገንዘቡን ብቻህን አትሸከም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ የተቸገረ ወላጅን መቀለብ የልጆች ግዴታ ያደርገዋል። ቀለብ ሲልም እንጀራ ብቻ አይደለም፣ መኖሪያ አለበት፣ ልብስ አለበት፣ ሕክምና አለበት። ቤት ያለው ልጅ ብቻ ይቀልብ የሚል ነገር የለበትም። ወንድምህን ፍርድ ቤት ውሰደው እያልኩህ አይደለም፣ ኧረ በፍጹም። እሁድ ምሳ ጥራው፣ እህታችሁ በቪዲዮ ትግባ፣ ኪራዩ ይህን ያህል፣ የደም ግፊት መድኃኒቱ ይህን ያህል ብለህ ወረቀት ላይ ጽፈህ አስቀምጠው። እህትህ ስልኩን የዘጋችው እናቷ ጎዳና የወጡ መስሏት ነው። ቤቱን በቪዲዮ አሳያት።

አንድ ነገር ቀረኝ። እድራቸው! ከካዛንቺስ ሲነሱ እድራቸው ምን ሆነ? ሰው ቢበተንም እድሩ ካለ ዳኛውን ወይም ጸሐፊውን ፈልግና ወርሃዊ መዋጮውን በቴሌብር እየላክህ አታቋርጥባቸው። የብሎካችሁን እድርም አስመዝግባቸው። በእሳቸው ዕድሜ ያለ እድር መቅረት ማለት ማን ይቀብረኛል ብሎ ሌሊት መንቃት ነው። ይህን ላንተ አይነግሩህም።

«እትዬ፣ 32 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ነው የምሠራው። ከእናትና አባቴ ጋር ሳሪስ እኖራለሁ። አላገባሁም። ስቱዲዮ ተከራይቼ መውጣት እፈልጋለሁ ስል አባቴ ‹ከዚህ ቤት የምትወጪው በሽማግሌ ነው› አለኝ። ለቤት ወጪ የደሞዜን ግማሽ እሰጣለሁ። ግቢው ውስጥ የተሠሩትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎችም በኔ ቁጠባ ነው ያሠራናቸው፣ ኪራያቸውን አባቴ ይቀበላል። የ29 ዓመት ወንድሜ ግን ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይወጣል፣ ምንም አያወጣም፣ ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቤተሰብ ቤት መሆኔ ያሳፍረኛል።»

የኔ እህት፣ ከማፈሩ እንጀምር። በ32 ዓመት ቤተሰብ ቤት መኖር አያሳፍርም። በ1999ኙ ቆጠራ አዲስ አበባ ውስጥ 662,728 ቤተሰቦች በ628,984 መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ነበር የተቆጠሩት። ያኔም ቤቱ ለቤተሰቡ አልበቃም ነበር። የዛሬውን ኪራይ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ለብቻው የሚኖር ሁሉ ጎበዝ፣ ቤተሰቡ ጋ ያለ ሁሉ ሰነፍ ተደርጎ ሲወራ ስሰማ እናደዳለሁ።

ግን መውጣት ትፈልጊያለሽ፣ እሱም መብትሽ ነው። 18 ዓመት ከሞላሽ ጀምሮ የት እንደምትኖሪ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። አባትሽ ግን በሕግ ቋንቋ አይደለም ያናገሩሽ። በሽማግሌ ካሉ፣ ሽማግሌ ላኪ። ከልቤ ነው የምልሽ። ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ብቻ ነው ያለው ማነው? አክስትሽንና የንስሐ አባታችሁን፣ ወይም አባትሽ የሚያከብሩትን አንድ የሰፈር ሰው ላኪ። ቤቱ ቅርብ መሆኑን፣ እሁድ እሁድ ምሳ እዚያው እንደምትበይ፣ ለቤት የምትሰጪው ብር እንደማይቋረጥ እነሱ ይንገሩልሽ። አባትሽ የፈሩት ሰፈሩ «ልጃቸው ኮበለለች» እንዳይል ይመስለኛል። ማታ ቤቱ ጭር ማለቱንም ፈርተው ይሆናል። ለሁለቱም መልስ ይዘሽ ሂጂ።

የምትሰጪውን ብር ግን ቁርጥ አድርጊው። ግማሽ ደሞዝ እየሰጠሽ ኪራይ አትችዪም። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ የሥራ ባልደረባሽ ጋር ደባል ብትሆኑ ይቀልሻል። ከሆናችሁ ውሉ ላይ የሁለታችሁም ስም ይግባ፣ የመብራት ካርዱን ማን እንደሚሞላና የማን እንግዳ እንደሚያድር ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። «እንግባባ የለ» እያሉ የገቡ ጓደኛሞች በስድስት ወር ሲኮራረፉ ብዙ አይቻለሁ።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልብሱን ይጠብ።

ከሁሉም የከበደኝ የሁለቱ ክፍሎች ነገር ነው። አሁን ሁሉም ያውቃል፣ የሷ ብር ነው ይላል። ወላጆች ሲያልፉ ግን ንብረቱ ለልጆች እኩል ነው የሚከፈለው፣ ያንቺ ወጪ ደግሞ ወረቀት ከሌለው ወሬ ሆኖ ይቀራል። እህትና ወንድም የሚቆራረጡት እዚህ ላይ ነው። አባትሽ በሕይወት እያሉ፣ በፍቅር እያላችሁ፣ ስንት እንዳወጣሽ ጽፋችሁ እሳቸውም እናትሽም ወንድምሽም ይፈርሙበት፣ ምስክርም ይኑረው። መጠየቁ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የሚያሳፍርሽ።

«እቴ፣ 36 ዓመቴ ነው። ሳዑዲ 11 ዓመት ሠርቼ ወደ ኮምቦልቻ ተመለስኩ። በላኩት ብር ቤት ተሠርቷል። ካርታው በወንድሜ ስም ነው፣ ያኔ እኔ እዚህ ስላልነበርኩ። አሁን እሱና ሚስቱ ትልቁ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ እናቴ አንዱ ውስጥ፣ እኔ ሳሎን ፍራሽ ዘርግቼ ነው የምተኛው። ማታ እንግዳ ሲመጣ እስኪሄድ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ‹መቼ ነው የምትመለሺው?› ይሉኛል።»

እህቴ፣ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። 11 ዓመት በሰው ቤት ተኝተሽ፣ በላብሽ በሠራሽው ቤት ፍራሽሽን ለመዘርጋት እንግዳ እስኪሄድ መጠበቅ የለብሽም።

ሐቁን ግን ልንገርሽ። በሕጋችን ካርታው ላይ ስሙ ያለ ሰው የቤቱ ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፣ ያንን ግምት ማፍረስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመጮህሽ በፊት ማስረጃሽን ሰብስቢ። በባንክ የላክሽውን ሁሉ ባንኩ ሄደሽ አስወጪ። በሰው እጅ የላክሽው ካለ ያደረሰውን ሰው ስምና ቀኑን ጻፊ። ወንድምሽ በኢሞ የላከልሽ ድምፅና ፎቶ፣ «ጣሪያው አለቀ፣ ለበር ላኪ» ያለው ሁሉ፣ እሱን አደራ እንዳታጠፊው። ስልክ ብትቀይሪ እንኳን አሮጌውን አትሽጪው።

ከዚያ ሽማግሌ አስቀምጪ። እናትሽም ይቀመጡ። ዝም ያሉት እሱን ፈርተው ሊሆን ይችላል፣ ወይም አብራቸው የሚኖረው እሱ ስለሆነ ነው። ሽማግሌ ፊት ግን «ብሩ የማን ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ ይዋሻሉ ብዬ አላስብም። የምትጠይቂው ግልጽ ይሁን፣ ወይ ስምሽ ካርታው ላይ ይግባ፣ ወይ ድርሻሽ በብር ተተምኖ በጊዜ ገደብ ይከፈልሽ። ቃል ብቻ ይዘሽ አትነሺ፣ ተጽፎ ይፈረም። እምቢ ካለ ጠበቃ አማክሪ፣ አትዘግዪ። እስከዚያ ድረስ ከእናትሽ ክፍል አልጋ አስገቢ። ፈቃድ አትጠይቂ።

አረብ አገር ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ እህቶች ደግሞ፣ ለቤት ሥራ ብር ስትልኩ መጀመሪያ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና ላኩና ቦታው በስማችሁ ይሁን። ወንድማችሁን ስለማታምኑት አይደለም። ወንድማችሁ ነገ ሚስት ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ያኔ የሚወስነው እሱ ብቻ አይሆንም።

«እህቴ፣ 68 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ሐዋሳ። ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመት ሆነ። ልጆቼ አሜሪካ ወስደውኝ ነበር። ስምንት ወር ቆየሁ። ሁሉም በጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ፣ እኔ መስኮት ላይ ቆሜ መኪና ስቆጥር እውላለሁ። ተመለስኩ። አሁን እንደኔው ባሏ የሞተባት፣ የ59 ዓመት ሴት አለች። ልናገባ አስበናል። ልጆቼ ‹ቤቱን ልትወስድ ነው› አሉኝ። ሳላገባ አብሬያት ብኖር ይሻል ይሆን?»

አባቴ፣ እንኳን ተመለሱ። ያግቡ።

ሳያገቡ አብሮ መኖሩ ልጆችዎ የፈሩትን አያስቀርም፣ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት ከኖራችሁ ሕጉ በዚያ ጊዜ ያፈራችሁትን የጋራ ያደርገዋል። ለእሷም በሰፈር ዘንድ ክብር አይሆንም። ቢያገቡ ደግሞ ከጋብቻው በፊት ያፈሩት ቤት የግል ንብረትዎ ሆኖ ይቀጥላል። ከቤቱ የሚገኝ ኪራይ ካለ ግን ከጋብቻ በኋላ የጋራ ይሆናል፣ ካልተዋዋላችሁ በስተቀር። ስለዚህ የጋብቻ ውል ይጻፉና ለልጆችዎ ቅጂውን ይላኩላቸው፣ አብዛኛው ጭቅጭቅ እዚያው ያበቃል።

እኔን ያሳሰበኝ የእሷ ነገር ነው። በሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ባሏን አትወርስም። እርስዎ ቢቀድሙ፣ አሥር ዓመት አብራዎት የኖረች፣ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ስትሰጥ የነበረች ሴት ከሐዘኑ ድንኳን በኋላ ቤት ልቀቂ ልትባል ነው። ቤቱን ለልጆችዎ ይተዉ፣ ጥሩ። ግን እሷ በሕይወት እስካለች እዚያው እንድትኖር፣ ወይም አንድ ክፍል ከነጓዳው የእሷ እንዲሆን በኑዛዜ ያስፍሩ። አራት ምስክሮች ባሉበት ተነቦ ይፈረም። ልጆችዎም ይወቁት፣ በድብቅ አይሁን። ሠርጉን ለፋሲካ ማሰባችሁን ደብዳቤዎ ግርጌ ላይ ጽፈዋል፣ ደስ ብሎኛል። ኑዛዜውን ግን ከሠርጉ በኋላ ዛሬ ነገ አይበሉ።